ለጤና ጣቢያና ለክሊኒክ የቫይታል ሳይን መለኪያ አመራረጥ፦ የንጽጽር መመሪያ

የሕክምና ዕቃ መሸጫ ገብቶ «የደም ግፊት መለኪያ አላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ወይም የክሊኒክ ባለቤት ቢያንስ ሦስት ዓይነት ዕቃ ይደረደርለታል፤ ዋጋቸውም እርስ በርሱ አይቀራረብም። ሻጩ ዕቃው የየት ሀገር ስሪት እንደሆነ፣ ስለ ስክሪኑ ስፋትና ስለ ዋስትናው ይነግረዋል እንጂ፣ መሣሪያው የሚያሳየው ቁጥር ከዓመት በኋላም የሚታመን ስለ መሆኑ አያነሣም። ገዢውም አይጠይቅም። ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ ከሁሉም በፊት ያስቀምጣል። የተሰበረ መለኪያ መሰበሩ ስለሚታወቅ ከአገልግሎት ይወጣል፤ 15 ነጥብ (ማለትም 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ የደም ግፊት የሚለካበት አሐድ) ዝቅ አድርጎ የሚያነብብ መለኪያ ግን ማንም ሳይጠረጥረው ለዓመታት ይሠራበታል፤ ነርሷ ካርዱ ላይ የጻፈችው ቁጥርም ሐኪሙ ፊት እንደ እውነት ይቀርባል።

ንጽጽሩ የሚመለከተው በተመላላሽና በተራ የመኝታ ክፍል በየዕለቱ የሚወሰዱትንና ቫይታል ሳይን የሚባሉትን አምስት መለኪያዎች፣ ማለትም የደም ግፊትን፣ የሰውነት ሙቀትን፣ የደም ኦክስጅን መጠንን፣ የልብ ምትንና የአተነፋፈስ ፍጥነትን ነው። የጽኑ ሕሙማንና የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ሌላ መስፈርት ስላላቸው እዚህ አልተካተቱም። ለደም ግፊት ሰፊ ቦታ የተሰጠው፣ ገንዘብ በብዛት የሚባክነውም ስሕተት በብዛት የሚፈጠረውም እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

## መስፈርቶቹ

የመጀመሪያው መስፈርት መሣሪያው በሰው ላይ ተፈትኖ ማለፉ ነው። በብዙ ዲጂታል የደም ግፊት መለኪያዎች ሳጥን ላይ «የስሕተት መጠን 3 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ይህ የሚናገረው በውስጡ ያለው የግፊት መለያ ክፍል ምን ያህል ልክ እንደሆነ እንጂ በሰው ክንድ ላይ ስለሚሰጠው ውጤት አይደለም። በሰው ላይ የሚደረገው ፈተና የሚመራው አይ ኤስ ኦ 81060-2 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሲሆን፣ በመደበኛው አሠራር ቢያንስ 85 ሰዎች ይለካሉ፤ በመሣሪያውና በሠለጠኑ ለኪዎች ውጤት መካከል ያለው አማካይ ልዩነት ከ5፣ የልዩነቱ መዋዠቅም ከ8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ መብለጥ የለበትም። ይህን ፈተና ያለፉ ሞዴሎች ስትራይድ ቢፒ በተባለው ዓለም አቀፍ ዝርዝር ውስጥ በነጻ ይገኛሉ። መፈለግ ያለበት የሞዴሉ ሙሉ ቁጥር ነው፤ የአንድ አምራች አንዱ ሞዴል ማለፉ ሌላው አልፏል ማለት አይደለምና።

ሁለተኛው መስፈርት የሚለካው ሰው ማንነት ነው። ነፍሰ ጡር፣ ጨቅላ ሕፃን፣ ክንዱ የቀጠነ አዛውንትና ክንዱ የወፈረ ጎልማሳ በአንድ ዕቃ እኩል አይለኩም።

ሦስተኛው ቦታው ነው። መብራት በየዕለቱ የሚጠፋበት ጤና ጣቢያ ባለ ባትሪ ወይም በእጅ የሚነፋ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ሙቀትና ከፍታም ይታሰባሉ፤ ከፍታ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በአንዳንድ ዲጂታል የግፊት መለኪያዎች የአጠቃቀም መመሪያ ላይ መሣሪያው የሚሠራበት የአየር ግፊት «ከ800 እስከ 1060 ሄክቶፓስካል» ተብሎ ይጻፋል፤ ይህም ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ጽሑፉ መሣሪያው እዚህ ይሳሳታል ማለት ባይሆንም አምራቹ በዚህ ከፍታ ኃላፊነት አልወሰደም ማለት ነው፤ ስለዚህ እኩል ከሆኑ ሁለት ሞዴሎች መካከል የታችኛው ወሰኑ 700 ወይም ከዚያ በታች የተባለውን መውሰድ ይሻላል።

አራተኛው መስፈርት ማረጋገጥ የሚቻል መሆኑ ነው፤ በአቅራቢያ የባዮሜዲካል (የሕክምና መሣሪያ ጥገና) ባለሙያ አለ ወይ፣ ካፉ (በክንድ ላይ የሚጠቀለለው ጨርቅ)፣ ጎማውና ፕሮቡ (የኦክስጅን መለኪያው ጣት ላይ የሚያርፈው ክፍል) ለብቻው ተገዝቶ ይተካል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች እዚህ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ፣ በ16 ሀገራት ከ112,000 የሚበልጡ የሕክምና መሣሪያዎችን መዝገብ በመረመረ ጥናት 38 በመቶ ያህሉ ከአገልግሎት ውጪ ሆነው ተገኝተዋል፤ በየዕቃ ግምጃ ቤታችን ጥግ ተከምረው የምናያቸው ዕቃዎች ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። ከዚህ በተጨማሪ ዕቃው በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን መጠየቅ የግዢው አካል ነው።

ዋጋን በመጨረሻ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። መታየት ያለበት የዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን በሦስት ዓመት ውስጥ የሚፈጀው ባትሪ፣ ካፍና ፕሮብ ተደምሮ ነው፤ በዚህ ስሌት ርካሽ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ውድ ይሆናል።

## የደም ግፊት መለኪያዎች

ባለ ሜርኩሪ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሌሎቹ ሁሉ የሚመዘኑበት መለኪያ ይህ ነበር፤ አሁንም በሚገባ ከተያዘ ቁጥሩ አይጠረጠርም። ሆኖም አንዱ መሣሪያ ከ80 እስከ 100 ግራም ሜርኩሪ ስለሚይዝ ቢሰበር ክፍሉን በሙሉ ይበክላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በጃፓን ለፊርማ የቀረበው የሚናማታ ስምምነትም ሜርኩሪ ያለባቸው የግፊት መለኪያዎችና ቴርሞሜትሮች ማምረት፣ ማስመጣትና መላክ ከ2020 ጀምሮ እንዲያበቃ ወስኗል። ስለዚህ ለአዲስ ግዢ አማራጭ አይደለም። በእጅ ያለው ግን በቁጣ የሚጣል ዕቃ አይደለም፤ በቆሻሻ መጣያ ወይም በማቃጠያ ጉድጓድ ውስጥ መግባት ስለሌለበት በአግባቡ እስኪወገድ ድረስ ቀጥ ብሎ፣ ከሕፃናት ርቆ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ባለ ሰዓት፣ አኔሮይድ የሚባለው። መብራትም ባትሪም አይፈልግም፤ በአንጻራዊነት ርካሽ ነው፤ የልብ ምቱ ለተዘበራረቀ ታካሚና ግፊቱ በጣም ለወረደ ሰው ከዲጂታሉ ይልቅ የሚታመነውም ይህ ነው። ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ውስጡ በጥርስና በስፕሪንግ የሚሠራ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከጠረጴዛ ከወደቀ ልኩን ሊስት ይችላል፤ ስለዚህ በየ6 ወሩ መፈተሽ አለበት። ብዙዎች «ቀስቱ ዜሮ ላይ ነው» በማለት ይተማመናሉ፤ ይሁንና ቀስቱ ዜሮ ላይ ቆሞ 150 ላይ የሚሳሳት መሣሪያ አለ። አንዳንዱ ደግሞ ቀስቱን ዜሮ ላይ የሚያግድ ትንሽ መቆሚያ ስላለው ከዜሮ በታች መውረዱ ራሱ አይታይም።

ሁለተኛው ድክመት ሰው ነው። አየሩ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ነጥብ ብቻ እየወረደ መደመጥ አለበት፤ ስድሳ ታካሚ ወረፋ የያዘበት ጠዋት ላይ ግን ማንም እንዲህ አያወርድም። የዚህን ምልክት ከመዝገቡ ማንበብ ይቻላል። የመሣሪያው መስመሮች በ2 በ2 የተከፈሉ በመሆናቸው በትክክል ከተነበበ በዜሮ የሚያልቀው ከአምስት ቁጥር አንዱ ያህል ብቻ መሆን ነበረበት። የአንድ ሳምንት መዝገብ ገልጣችሁ ሁሉም በዜሮ ካለቀ፣ ይልቁንም 120/80 እየተደጋገመ ከመጣ፣ የተጻፈው የአካባቢው ሕዝብ ጤንነት ሳይሆን የለኪው ግምት ነው።

በክንድ ላይ የሚታሰር ዲጂታል። ይህ መሣሪያ ድምፅ አይሰማም፤ በካፉ ውስጥ ያለውን የአየር ንዝረት አንብቦ የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር በአምራቹ ቀመር ያሰላል። ቀመሩ ከአምራች አምራች ስለሚለያይና ስለማይገለጽ ነው በሰው ላይ መፈተኑ ይህን ያህል ወሳኝ የሆነው። የተፈተነ ሞዴል ከሆነ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የሚሰማ ጆሮና የሚታገሥ እጅ አይጠይቅም፣ ሁለት ጊዜ ለክቶ ለማማከል አይሰለችም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ለእነዚህ ራስ ገዝ መለኪያዎች ዝርዝር ቴክኒካዊ መስፈርት አውጥቷል፤ የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅ የግዢ ክፍል ከዚያ ቢነሣ ይጠቀማል።

ገደቦቹ ግን መታወቅ አለባቸው። የልብ ምት ሲዘበራረቅ ንዝረቱም ስለሚዘበራረቅ ቁጥሩ ከአንዱ ልኬት ወደ ሌላው ይዘላል። የእርግዝና ደም ግፊት ባለባት እናት ላይ ደግሞ ብዙዎቹ ዲጂታል መለኪያዎች ከእውነተኛው ዝቅ አድርገው ያነብባሉ፤ ይህም ለማዋለጃ ክፍል ከሁሉም የከፋው ስሕተት ነው። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር የሚገዛ ዲጂታል በእርግዝናና በፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ጊዜ ግፊት ከፍ ብሎ ሌሎች የአካል ክፍሎችን በሚጎዳበት ሕመም) ለብቻው የተፈተነ መሆን አለበት። ለዚህ ተብሎ ከተሠሩት መካከል ክሬድል የሚባለው መሣሪያ አለ። በስልክ ቻርጀር ይሞላል፤ ከቁጥሩም በተጨማሪ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መብራት ያሳያል። ቀይ የሚበራው ግፊቱ 160/110 ሲደርስ ወይም የልብ ምቱ ከላይኛው ግፊት አንጻር እጅግ ከፍ ብሎ የመድማት አደጋ ሲጠቁም ነው። መሣሪያው በተሞከረበት ትልቅ ጥናት ከ10ሩ ቦታዎች አንዷ አዲስ አበባ ነበረች። በጥናቱ ጊዜ የእናቶች ከባድ ችግሮች በጥቅሉ ቢቀንሱም ለውጡን ያመጣው መሣሪያው ብቻውን ነው ለማለት አልተቻለም፤ ቀይ መብራት የሚጠቅመው አምቡላንስና የእናቲቱን መንቀጥቀጥ የሚከላከለው መድኃኒት፣ ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ካለ ነው።

በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ዲጂታል። ትንሽ ነው፣ ይመቻል፣ ለስጦታም ያምራል። ነገር ግን ለኪው እጁን ከልብ ትይዩ ካላደረገ ውጤቱ ይዛባል፤ ክንድ ከልብ በ10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ቁጥሩ በ7 ነጥብ ያህል ከፍ ይላል፤ አንጓ ደግሞ ከክንድ ይልቅ በቀላሉ ይወርዳል። ለጤና ተቋም አይመከርም፤ ካፍ ሊጠቀለልበት ለማይችል በጣም ወፍራም ክንድ ብቻ እንደ መጠባበቂያ ሊያዝ ይችላል።

ካፉ። ከመሣሪያው ዓይነት ይልቅ ብዙ ስሕተት የሚያመጣው ይህ ጨርቅ ነው። በውስጡ ያለው የአየር ከረጢት ርዝመት የክንዱን ዙሪያ 80 በመቶ፣ ስፋቱም 40 በመቶ ያህል መሸፈን አለበት። ካፉ ሲጠብብ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ሲሰፋ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እጅግ ትልቅ ካፍ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ግፊታቸው በ20 ነጥብ ገደማ ከፍ ብሎ መነበቡን አሳይቷል። በእኛ ሀገር የዚህ ተቃራኒም እኩል ያሳስባል። መደበኛው የአዋቂ ካፍ የተሠራው ዙሪያው ከ27 እስከ 34 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ነው፤ ብዙ የገጠር እናቶችና አዛውንት ግን ከ22 እስከ 26 ለሆነ ክንድ የተሠራው ትንሹ የአዋቂ ካፍ ያስፈልጋቸዋል። ሻጩ «ትልቁን ልጨምርልህ» ሲል ትንሹንም ጠይቁ፤ ሦስት ካፍ የሌለው መሣሪያ ግማሽ መሣሪያ ነው። የክንድ ዙሪያ መለኪያ ሜትርም ከመሣሪያው ጎን ይንጠልጠል፤ በዓይን ግምት የሚመረጥ ካፍ ሁልጊዜ በእጅ የቀረበው ካፍ ነውና።

የትኛውም መሣሪያ ቢገዛ ታካሚው ለ5 ደቂቃ ካላረፈ፣ ጀርባውን ካልተደገፈና እግሩን መሬት ላይ ካላሳረፈ ልዩነቱ ይጠፋል። ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና መጠጣት ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ ቤት ጠያቂ ሆኖ የሄደ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደግሞ ይህን ሕግ ማክበር ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቀዋል። ቁም ነገሩ ሁለት ወንበርና ጸጥ ያለ ጥግ ማዘጋጀት ከአንድ ተጨማሪ መሣሪያ የሚሻልበት ጊዜ መኖሩ ነው።

## ቴርሞሜትሮች

ባለ ሜርኩሪው ቴርሞሜትር ከላይ በተነገረው ምክንያት ከምርጫው ወጥቷል፤ ከዚህም ሌላ ንባቡ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚጀምር የቀዘቀዘ ጨቅላ ሕፃንን አያሳይም። ጨቅላ ሕፃን ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 መሆን ሲገባው ከ32 በታች ሊወርድም ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሕፃን «35 ነው» የሚል መሣሪያ ያሳስታል።

በብብት የሚያዝ ዲጂታል ቴርሞሜትር ለአብዛኛው ተቋም ዋናው ምርጫ ነው፤ ርካሽ ነው፣ በአልኮል ይጸዳል፣ በትንሽ ባትሪ ረጅም ጊዜ ይሠራል። ለማዋለጃና ለጨቅላ ክፍል ሲገዛ ዝቅተኛ ንባቡ ከ32 በታች የሚጀምረውን መምረጥ ያስፈልጋል። የብብት ሙቀት ከውስጠኛው የሰውነት ሙቀት በግማሽ ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊያንስ እንደሚችልም ማስታወስ ይገባል፤ በካርዱ ላይ ከቁጥሩ ጎን የተለካበት ቦታ መጻፉ ለዚህ ነው።

በኮቪድ ዘመን በየበሩ ያየነው፣ ግንባር ላይ የሚነጣጠረው ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ንክኪ የሌለው መሆኑና ፍጥነቱ ይማርካል። የሚያነብበው ግን የቆዳን ሙቀት ነው፤ ከፀሐይ የገባ፣ ላብ ያለበት፣ ሻሽ ወይም ነጠላ ግንባሩን ሸፍኖ የቆየ ሰው ላይ ይሳሳታል። ብዙዎቹ በ40 ዲግሪና ከዚያ በታች ባለ የክፍል ሙቀት እንዲሠሩ የተሠሩ ስለሆነ በአፋርና በጋምቤላ ቆላ ሙቀቱ በሚከርበት ወራት ከሰዓት በኋላ የአምራቹን ወሰን ያልፋሉ። ለሰልፍ ማጣሪያ ይሁን፤ ሕክምና የሚወሰንበት ቁጥር ግን በብብት ይደገም። የጆሮው ኢንፍራሬድ ከግንባሩ ይሻላል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚቀየር ሽፋን ይፈልጋል፤ ሽፋኑ ሲያልቅ መሣሪያውም ያልቃል።

## ፐልስ ኦክሲሜትር

የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 የሕክምና ኦክስጅንንና ፐልስ ኦክሲሜትርን (በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በብርሃን የሚለካውን መሣሪያ) ለማስፋፋት ብሔራዊ ፍኖተ ካርታ ካወጣ ወዲህ ኦክስጅን መለካት የትላልቅ ሆስፒታሎች ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ምርጫው በዋናነት በጣት ላይ በሚሰካው ትንሽ መሣሪያና በእጅ በሚያዘው፣ ፕሮቡ በሽቦ በሚገናኘው መካከል ነው።

የጣቱ ርካሽ ነው፤ ለአዋቂ ታካሚ፣ ለተመላላሽ ክፍልና ለቤት ይበቃል። የሕፃን ጣት ወይም እግር ግን በውስጡ በትክክል አይቀመጥም፤ የሚታየው ቁጥርም ትርጉም አይኖረውም። ሕፃናትን የሚያክም ተቋም በእጅ የሚያዘውን መግዛት አለበት፤ የአዋቂ፣ የሕፃንና የሚጠቀለል የጨቅላ ፕሮብ ተለይተው ይጠየቁ። የፕሮቡ መሰኪያ የዚያ አምራች ብቻ ከሆነ መለዋወጫው ሀገር ውስጥ መኖሩን ሳያረጋግጡ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ በቅድሚያ የሚበላሸው ፕሮቡ ነውና።

ለእኛ አንባቢ በተለይ የሚያስፈልጉ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የቆዳ ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ በወጣ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ እያሳየ በደም ምርመራ ግን የኦክስጅን እጥረት የተገኘባቸው ታካሚዎች ከጥቁሮቹ 11.7፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ 93 የሚል ቁጥር አይቶ ትንፋሹ ያጠረ ታካሚን ወደ ቤቱ መላክ አይገባም። ሁለተኛው ከፍታ ነው፤ በደብረ ብርሃን ወይም በባሌ ደጋ የሚኖር ጤነኛ ሰው ንባቡ ከቆላ ነዋሪው ዝቅ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ኦክስጅን የሚጀመርበትን ወሰን በአብዛኛው ከ90 በመቶ በታች ሲያደርገው ከ2,500 ሜትር በላይ ግን 87 እና ከዚያ በታች አድርጎታል። ሦስተኛው ከሰል ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ በከሰል ጭስ የታፈነ ሰው ደሙ በካርቦን ሞኖክሳይድ ተይዞ ሳለ መሣሪያው 98 ሊያሳይ ይችላል፤ ጣት ላይ የሚሰካው መብራት ሁለቱን ጋዞች አይለይም። በዚህ ታካሚ ላይ ታሪኩ እንጂ ቁጥሩ አይታመንም። በጥፍር ቀለም፣ በጠቆረ ሂና ወይም በብርድ የቀዘቀዘ ጣት ላይም ንባቡ ይዛባል፤ ጣት መለወጥ ወይም እጁን ማሞቅ ይበቃል።

## የልብ ምትና የአተነፋፈስ ፍጥነት

እዚህ ላይ ምርጡ መሣሪያ ከሁሉም ርካሹ ነው፤ የሰከንድ ቀስት ያለው ሰዓትና የነርሷ ጣት። ዲጂታሉ የግፊት መለኪያም ኦክሲሜትሩም የምቱን ቁጥር ያሳያሉ፤ ምቱ የተዘበራረቀ መሆኑን ግን የሚያውቀው የእጅ አንጓን የያዘ ጣት ነው።

አተነፋፈስ ለሙሉ 60 ሰከንድ ይቆጠራል፤ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት አንዷን የመቁጠር ስሕተት አራት ያደርጋታል። ለሕፃናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ፈጣን አተነፋፈስ የሚባለው ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ስለሆነ የ4 ትንፋሽ ስሕተት ሳንባ ምችን ሊያስታጣ ወይም ያለ አግባብ አንቲባዮቲክ ሊያሰጥ ይችላል። የጤና ኬላዎች የሚያውቁት፣ ደቂቃ ሲሞላ የሚጮኸው ቆጣሪ ለኪው ዓይኑን ከሕፃኑ ደረት ሳያነሣ እንዲቆጥር ስለሚረዳ ከተራ ሰዓት ይመረጣል። በደረት ላይ ታስረው ራሳቸው የሚቆጥሩ መሣሪያዎች ለሚያለቅስና ለሚንቀሳቀስ ሕፃን ስለሚቸገሩና ዋጋቸውም ከፍ ስለሚል ለተራ ክሊኒክ ቅድሚያ የሚሰጣቸው አይደሉም።

## ሁሉን በአንድ የያዘው ሞኒተር

በጎማ የሚገፋው ሞኒተር ግፊትን፣ ኦክስጅንን፣ የልብ ምትንና ሙቀትን በአንድ ጊዜ ያሳያል፤ ለጎብኚም ለባለ ድርሻም ዓይን ይሞላል። በተረኛ ነርስ ቁጥር ማነስ ለሚቸገር የመኝታ ክፍል ጊዜ እንደሚቆጥብ አይካድም። ሆኖም አንዱ ሲበላሽ አራት መለኪያ አብሮ ይቆማል፤ ካፉም ፕሮቡም የአምራቹ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የውስጥ ባትሪውም ሲያረጅ መብራት በጠፋ ቁጥር ይዘጋል። የባዮሜዲካል ባለሙያ በሌለበት ተቋም ይህን መግዛት አልመክርም፤ በተመሳሳይ ገንዘብ በየክፍሉ የተነጣጠሉ መለኪያዎች ይዳረሳሉ።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መሣሪያ | የሚስማማው | ዋና ድክመቱ | ኃይል | ክትትል |
|---|---|---|---|---|
| ባለ ሜርኩሪ ግፊት መለኪያ | ለአዲስ ግዢ አይሆንም | መርዛማ ሜርኩሪ | አይፈልግም | በአግባቡ ማስወገድ |
| አኔሮይድ | መብራት የሌለበት ቦታ፣ የተዘበራረቀ የልብ ምት | ሲወድቅ ይዛባል፤ ለኪው ይገምታል | አይፈልግም | በየ6 ወሩ ፍተሻ |
| የክንድ ዲጂታል፣ የተፈተነ | ተመላላሽ ክፍል፣ ቤት | የተዘበራረቀ ምት፤ ለነፍሰ ጡር ልዩ ፈተና ይሻል | ባትሪ ወይም መብራት | በየዓመቱ ፍተሻ፣ ካፍ መተካት |
| የአንጓ ዲጂታል | መጠባበቂያ ብቻ | በእጅ አቀማመጥ ይዛባል | ባትሪ | ከክንዱ ጋር ማነጻጸር |
| የብብት ዲጂታል ቴርሞሜትር | ሁሉም ተቋም | የብብት ንባብ ዝቅ ይላል | ትንሽ ባትሪ | ማጽዳት |
| የግንባር ኢንፍራሬድ | የሰልፍ ማጣሪያ | ፀሐይ፣ ላብ፣ የክፍል ሙቀት | ባትሪ | በብብት ንባብ ማረጋገጥ |
| የጣት ኦክሲሜትር | አዋቂ ታካሚ | ለሕፃን አይሆንም | ባትሪ | በጤነኛ ሰው ጣት መሞከር |
| በእጅ የሚያዝ ኦክሲሜትር | ሕፃናትና ጨቅላዎች | ፕሮቡ ይበላሻል | የሚሞላ ባትሪ | ተጨማሪ ፕሮብ መያዝ |
| ሞኒተር | ባለሙያ ያለው የመኝታ ክፍል | ሲበላሽ ሁሉም ይቆማል | መብራትና የውስጥ ባትሪ | የባዮሜዲካል ባለሙያ |

## ለማን የትኛው?

የጤና ኬላ ወይም በጣም ውሱን በጀት ያለው ክሊኒክ ከደቂቃ ቆጣሪ፣ ዝቅተኛ ንባብ ካለው ዲጂታል ቴርሞሜትርና ሁለት ካፍ ካለው አንድ ጥሩ አኔሮይድ ይጀምር። ቀጥሎ ብር ሲገኝ የሚጨመረው ኦክሲሜትር ነው፤ ሕፃናት የሚመጡ ከሆነ የጣቱን ገዝቶ ኋላ ከመጸጸት እስከሚቀጥለው ሩብ ዓመት ታግሶ በእጅ የሚያዘውን መግዛት ይበልጣል።

ጤና ጣቢያ ለተመላላሽ ክፍሉ የተፈተነ የክንድ ዲጂታል ከሦስት ካፍ ጋር፣ ለማዋለጃ ክፍሉ በእርግዝና የተፈተነ መሣሪያ፣ ለሁለቱም መጠባበቂያና ማመሳከሪያ የሚሆን አንድ አኔሮይድ ይያዝ። አኔሮይዱን «ዲጂታል ገባ» ብሎ ማስወገድ ስሕተት ነው፤ ዲጂታሉ የማይሆን ቁጥር ባሳየ ቀን ዳኛው እሱ ነው። ሆስፒታል ለመኝታ ክፍል ሞኒተር ቢገዛ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ የሁለት ዓመት ካፍና ፕሮብ ከዋናው ዋጋ ጋር ተጠቃልሎ ይቅረብ፤ ለብቻው የሚጠየቅ መለዋወጫ በጀት ሲቀነስ በቅድሚያ የሚሰረዘው እሱ ነው።

ለቤት፣ ለግፊት ታማሚ እናት ወይም አባት፣ የክንድ ዲጂታል ይበቃል። ከአሜሪካ በሻንጣ የሚላክ ከሆነ ላኪው ሁለት ነገር ያረጋግጥ። የመጀመሪያው፣ አስማሚው ለ120 ቮልት ብቻ ከሆነ እዚህ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፤ በባትሪ መጠቀም ይቻላል። ሁለተኛው የወላጅን ክንድ ዙሪያ በስልክ ጠይቆ ካፉን በዚያ ልክ መምረጥ ነው፤ እዚያ በብዛት የሚሸጠው ሰፊው ካፍ ለቀጭን ክንድ ዝቅ ያለ ቁጥር ሰጥቶ መድኃኒት የሚያስፈልጋትን እናት «ደህና ነሽ» ሊላት ይችላል።

## ሞዴል 19 ከመፈረሙ በፊት

ዕቃው ሲገባ ንብረት ክፍሉ ሳጥን ቆጥሮ የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ በሆነው ሞዴል 19 ላይ ይፈርማል፤ ፍተሻው ግን ከፊርማው በፊት መሆን አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚመለስ ዕቃ እምብዛም የለም። የሞዴል ቁጥሩ ከቀረበው የፈተና ማስረጃ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። አኔሮይዱ ካፉ በጠንካራ ጠርሙስ ላይ ተጠቅልሎ እስከ 200 ይነፋና ቫልቩ ይዘጋ፤ በደቂቃ ከ4 ነጥብ በላይ ከወረደ የሚያፈስ ጎማ ወይም ቫልቭ አለበት። ከዚያም በሦስት አፍ ማገናኛ ቱቦ ልኩ ከተረጋገጠ መለኪያ ጋር ተገናኝቶ በ50፣ በ100፣ በ150፣ በ200 እና በ250 ላይ ሁለቱ ንባቦች ይነጻጸሩ፤ ከ3 ነጥብ በላይ ልዩነት ያለው ይመለስ። ዲጂታሉ ደግሞ በሦስት የተለያየ ክንድ ባላቸው ሠራተኞች ላይ ከአኔሮይዱ ጋር እየተፈራረቀ፣ በልኬቶቹ መካከል አንድ ደቂቃ እየተሰጠ ይሞከር፤ ልዩነቱ በተደጋጋሚ ወደ አንድ አቅጣጫ ካጋደለ የባዮሜዲካል ባለሙያ ሳያየው አይረከብ። ኦክሲሜትሩ በጤነኛ ሠራተኛ ጣት ላይ ይሰካ፤ የምት ቁጥሩ በእጅ ከተቆጠረው ጋር ካልተስማማ የኦክስጅን ቁጥሩም አይታመንም። ፍተሻውን ያለፈ መሣሪያ ላይ የተፈተሸበት ቀንና የሚቀጥለው ፍተሻ ቀን በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍ፤ ፕላስተሩም ካፉ ላይ ሳይሆን ሰዓቱ ጀርባ ላይ ይሁን፤ ካፉ ይታጠባልና።